ሮቦት ለታመመ ጉልበት፡- ምን ያግዛል? ምንስ አይተካም?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በስልኮቻችን ላይ ከሚዘዋወሩ የሕክምና ምስሎች መካከል ብዙ ሰው ያየው አንድ ዓይነት አለ። ዕድሜያቸው የገፋ እናት ወይም አባት ወገባቸውና ጭናቸው በቀበቶ ተይዞ፣ ከጉልበታቸው ጎን ትንሽ ሞተር ያለው ድጋፍ ተገጥሞላቸው ደረጃ ሲወጡ ይታያሉ። ጥያቄው ብዙም ሳይቆይ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ድረስ ይመጣል። «ዶክተር፣ ይህ ነገር እኛ ሀገር የሚገባው መቼ ነው?» የሚሉ አሉ። «ውጭ ያሉት ልጆቼ ገዝተው ቢልኩልኝስ?» የሚሉም አሉ።

ጥያቄውን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ከጀርባው ገንዘብ አለ፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ጊዜ አለ። አንዳንድ ታማሚዎች «መፍትሔው እየመጣ ነው» በሚል ተስፋ ዛሬ መጀመር የሚገባቸውን ሕክምና ለነገ ያቆያሉ። ጉልበት ግን አይጠብቅም፤ ሥራ ያጣ ጡንቻ በየወሩ እየከሳ ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑ በእርግጥ ምን እንደሚሠራ፣ የጥናት ማስረጃው እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ፣ በእኛ አቅምም የት ላይ እንደሚቀመጥ ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድመን አንድ መደበላለቅ እናጥራ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጉልበት ሲገጠም ሐኪሙ አጥንቱን በትክክለኛው ቦታና ማዕዘን እንዲቆርጥ የሚያግዝ የሮቦት ክንድ አለ። የዛሬው ጉዳያችን እሱ አይደለም። እዚህ የምንነጋገረው ታማሚው ያለ ቀዶ ሕክምና የአካል እንቅስቃሴ ሲያደርግ ስለሚያግዘው፣ በተሃድሶ ሕክምና ክፍል ወይም በቤት ውስጥ ስለሚሠራው ሮቦት ነው።

ሕመሙ በሕክምና አጠራሩ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። በእኛ ዘንድ የመገጣጠሚያ ሕመምን ሁሉ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ማለት የተለመደ ነው። ሪህ ግን በሰውነት ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲከማች የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። በኦስቲዮአርትራይተስ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት በሚገናኙበት ቦታ ጫፋቸውን የሚሸፍነው ለስላሳ ልም አጥንት ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ይጠነክራል፤ በጠርዙ ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል፤ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን አልፎ አልፎ ይቆጣል። በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችም ይደክማሉ። ይህን የመጨረሻውን ልብ ይበሉ፤ የሮቦቱ ጉዳይ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ቁጥሩ ከ1990 ጋር ሲነጻጸር በ113 በመቶ አድጓል። ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚጠቃው ጉልበት ሲሆን፣ 365 ሚሊዮን ሰዎች የጉልበት ታማሚዎች ናቸው። ከአጠቃላይ ታማሚዎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ዕድሜ እየረዘመ፣ ክብደት እየጨመረ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር አሃዙ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም።

በእኛ አኗኗር ደግሞ ጉልበት ብዙ ይጠየቃል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት፣ መስገድ፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መውጣት፣ ከፍ ያለ የታክሲ መወጣጫ ላይ እግር ማንሳት አለ። አንዲት እናት ስለ ጉልበታቸው ሲነግሩን የሚያሳዝናቸው በራጅ ላይ የታየው ነገር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደው መስገድ ማቃታቸው ነው። አንድ አባትም ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ሲጀምሩ የሚሰማቸው ከሕመሙ በላይ ነው። በነገራችን ላይ ራጅና ሕመም ሁልጊዜ አይገጥሙም። ራጁ ላይ ብዙ ለውጥ ታይቶባቸው ምንም የማይሰማቸው አሉ፤ በተቃራኒው ጥቂት ለውጥ ብቻ ታይቶባቸው ሌሊት የማይተኙ አሉ። «ራጁ ጉልበትህ አልቋል ይላል» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው አልጋ ላይ አስቀምጧል፤ ብዙውን ጊዜም ልክ አይደለም።

አሳሳቹ ነገር ጉልበትን እንደ መኪና ጎማ ማየት ነው። ጎማ በተነዳ ቁጥር ያልቃል፤ እንዳያልቅ ማቆም ነው። ጉልበት ግን ሕያው አካል ነው። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹም የሚገባውና የሚወጣው ጉልበት ሲጫንና ሲለቀቅ እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲያብጥ ነው። እንቅስቃሴ ያጣ ጉልበት ከዚህ ምግብ ይጎድልበታል። በዚያ ላይ ጉልበት ሲያምና ውኃ ሲቋጥር አንጎል ለፊተኛው የጭን ጡንቻ የሚልከው ትእዛዝ ይቀንሳል። ሰውየው እግሩን ለማቅናት ቢፈልግም ጡንቻው ሙሉ በሙሉ አይታዘዝለትም። ጡንቻው ሲሰንፍ ይከሳል፤ ሲከሳ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ጫናው ሕመም ያመጣል፤ ሕመሙ ተመልሶ ጡንቻውን ያሰንፋል። «ጉልበቴ ከዳኝ፣ ታጥፎ ሊጥለኝ ነበር» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለዚህ ዑደት ነው።

ዑደቱን የሚሰብረው ሕክምና ከታወቀ ቆይቷል፤ ጡንቻን የሚያጠነክር መደበኛ እንቅስቃሴ ነው። የሕክምና ጥናቶችን በመገምገም የሚታወቀው ኮክሬን እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው ግምገማ 54 ጥናቶችን መርምሮ፣ እንቅስቃሴ የሠሩ ታማሚዎች ሕመማቸው ከ100 በሚለካ መለኪያ በአማካይ በ12 ነጥብ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። በ2024 የታደሰው ግምገማ የጥናቶቹን ቁጥር ከመቶ በላይ አድርሶ ጥቅሙን በድጋሚ አግኝቷል፤ መጠኑ ግን መጋነን እንደሌለበት አሳስቧል። ስለዚህ እንቅስቃሴ ተአምር አይደለም። ነገር ግን የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ከሚሰጡት እፎይታ ብዙም አያንስም፤ ጨጓራንም አያደማም፣ ኩላሊትንም አይጎዳም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ለወራት ከመድኃኒት ቤት እየገዙ የሚውጡ፣ በተለይም የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባቸው አረጋውያን ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

ታዲያ ሕክምናው ይህን ያህል ከታወቀ ሮቦት ለምን አስፈለገ? ሕክምናው ስለሚያታክት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳያቸውን እንቅስቃሴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሠርተው የሚያቆሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ስለሚያማቸው፣ አንዳንዶቹ ትክክል እየሠሩ መሆናቸውን ስለማያውቁ፣ ሌሎቹም ለውጡ ቶሎ ስለማይታያቸው ይተዉታል። የሮቦቶቹ ፈጣሪዎች የገቡት በዚህ ክፍተት ነው።

መሣሪያዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ተለባሽ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በጣም የታወቀው ሃል የተባለው የጃፓን ሥራ ነው። የጹኩባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዮሺዩኪ ሳንካይ ያበለጸጉት ሲሆን፣ የሚያመርተው ሳይበርዳይን የተባለው ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ በ2004 ነው። ሰው ጡንቻውን ለማንቀሳቀስ ሲያስብ በቆዳ ላይ የሚገኘውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በሴንሰር ያነብና ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ያግዛል። ኪዮጎ የተባለው የካናዳ መሣሪያ ደግሞ የጉልበትን እንቅስቃሴ እየተከታተለ በሁለቱም ጉልበቶች ላይ በሞተር ድጋፍ ይሰጣል። ሮም ሮቦቲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በበኩሉ ከሞተር ይልቅ በአየር ግፊት የሚሠራ የጉልበት ድጋፍ ይዞ መጥቷል።

ሁለተኛዎቹ አንድ ቦታ የተተከሉ ትላልቅ ማሽኖች ናቸው። የስዊዘርላንዱ ሆኮማ የሚያመርተው ሎኮማት ታማሚውን በቀበቶ አንጠልጥሎ፣ የሮቦት እግሮችን ከእግሮቹ ጋር አስሮ በትሬድሚል ላይ ያስኬደዋል። የተሠራው በዋናነት በስትሮክና በሕብለ ሰረሰር ጉዳት መራመድ ላቃታቸው ሰዎች ነው። ከዚህ ጋር የሚዛመደው አልተርጂ ሮቦት ባይባልም ለጉልበት ታማሚ ቀርቦ የሚታይ ነው፤ ከናሳ በተገኘ ቴክኖሎጂ ወገብን በአየር በተሞላ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ የሰውነትን ክብደት ያቃልላል። ሕመምተኛው 80 ኪሎ ቢመዝንም እግሩ የ50 ወይም የ40 ኪሎ ሰው ያህል ብቻ ተሸክሞ ይራመዳል።

ዋናው ጥያቄ ከማሽኑ ስም ይልቅ ሥራውን ማን እንደሚሠራ ነው። ማሽኑ ጡንቻውን ያግዘዋል ወይስ በጡንቻው ፋንታ ይሠራል? ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ ሕክምናው ሰፊ ትምህርት ያገኘበት ታሪክ አለው።

ቶሮንቶ ይሠሩ የነበሩት ካናዳዊው የአጥንት ሐኪም ሮበርት ሳልተር እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ የተጎዳ መገጣጠሚያ ከማረፍ ይልቅ ያለማቋረጥ ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል የሚል ሐሳብ ይዘው ተነሡ። በዚያ ዘመን የተጎዳን መገጣጠሚያ በጄሶ አስሮ ማሳረፍ የተለመደ ስለነበር ሐሳቡ ደፋር ነበር፤ መሠረቱም ትክክል ነበር። ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ታማሚው ተኝቶ ሳለ ጉልበቱን እያጠፈ የሚዘረጋ ማሽን ተሠራና ሰው ሠራሽ ጉልበት በተገጠመላቸው ሰዎች አልጋ ላይ በስፋት ገባ። ታማሚው ምንም አይሠራም፤ ማሽኑ ይሠራለታል። ከዓመታት በኋላ ኮክሬን በ2014 በ24 ጥናቶች የተካተቱ 1 ሺህ 445 ታማሚዎችን ውጤት ገመገመ። ማሽኑ ጉልበትን በማጠፍ አቅም ላይ ያመጣው ልዩነት በአማካይ 2 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ተራ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ጉልበት 90 ዲግሪ ያህል መታጠፍ እንዳለበት ስናስብ 2 ዲግሪ ታማሚው እንኳ የሚያስተውለው ለውጥ አይደለም። በሕመምና በእንቅስቃሴ አቅም ላይም ቁም ነገር ያለው ጥቅም አልታየም።

ሌላው ትምህርት የመጣው ከስትሮክ ሕክምና ነው። በብሪታኒያ 770 የስትሮክ ታማሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት የክንድ እንቅስቃሴን የሚያለማምድ ሮቦትን ከተለመደው ሕክምና ጋር አነጻጽሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ በ2019 በላንሴት መጽሔት አውጥቷል። ክንዳቸውን በሮቦት የተለማመዱት ታማሚዎች በዕለት ተዕለት የክንድ አገልግሎት ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ከዚያ በፊት የነበሩት ትንንሽ ጥናቶች ግን ተስፋ ሰጪ ነበሩ። እኔ ስለ ጉልበት ሮቦቶች የሚወጡ ዜናዎችን ሳነብ ይህ ታሪክ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

በጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ላይ ዛሬ ያሉት የሮቦት ጥናቶች በአብዛኛው ያሉት በዚያ የተስፋ ደረጃ ላይ ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት በጥቂት አሥር ሰዎች ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታት ነው። መሣሪያውን ለብሰው ደረጃ ሲወጡና ሲራመዱ ሕመማቸው የቀነሰላቸው፣ ከመቀመጫ መነሳት የቀለላቸው ሰዎች አሉ። ይህ መናቅ የለበትም። ነገር ግን መሣሪያውን ሲያወልቁስ? ከስድስት ወር በኋላስ? ከተመሳሳይ ሰዓት የፊዚዮቴራፒ ክትትል ጋር ሲነጻጸርስ? ሮቦት ለብሶ የሚሠራ ሰው ሮቦት መልበሱን ያውቃል፤ የአዲስ ነገር ደስታና የባለሙያው ትኩረት ራሱ ሕመምን እንደሚቀንስ ደግሞ በሕክምና የታወቀ ነው። ትናንሽ ጥናቶች ይህን ከማሽኑ ውጤት ለመለየት አቅም የላቸውም።

ገንዘብ ከፋዮቹ እንዴት እንዳዩት መመልከትም ይጠቅማል። በጃፓን የሕዝብ የጤና መድን ለሃል ክፍያ መፈጸም የጀመረው እ.ኤ.አ በ2016 ሲሆን፣ የጀመረውም በስምንት ብርቅዬ የነርቭና የጡንቻ በሽታዎች ነበር። የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ከእነሱ መካከል አልነበረም፤ ይህ የሆነው ደግሞ ሮቦቱ በተወለደበትና አረጋውያን በበዙበት ሀገር ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር በሕብለ ሰረሰር ጉዳት እግራቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች የሚሆን ተለባሽ ሮቦት እ.ኤ.አ በ2024 የተመነው ክፍያ 91 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ለጉልበት ብቻ የሚሠሩት መሣሪያዎች ከዚህ ይረክሳሉ፤ እንደ ሎኮማት ያሉት የተተከሉ ማሽኖች ግን በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገዙ ናቸው።

አሁን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንመልከት። በዴንማርክ እ.ኤ.አ በ2013 ግላድ የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ሮቦት የለውም። የጉልበትና የዳሌ ታማሚዎች በቡድን ሆነው ስለ ሕመማቸው ሁለት ጊዜ ትምህርት ይወስዳሉ፤ ከዚያ በሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክትትል 12 ጊዜ እንቅስቃሴ ይሠራሉ። ምንጣፍ፣ ወንበር፣ ደረጃና የላስቲክ ገመድ በቂያቸው ነው። ተሳታፊዎቹ በአማካይ ሕመማቸው በሩብ ያህል ቀንሷል፤ ፕሮግራሙም ወደ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ቻይናና ሌሎች ሀገራት ተሻግሯል። በዚያው በዴንማርክ የተሠራና በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰው ሠራሽ ጉልበት እንዲገጠምላቸው የታሰቡ 100 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የተሻለ የሕመም እፎይታ አገኙ፤ ይህ ሊደበቅ አይገባም። ነገር ግን በእንቅስቃሴ፣ በክብደት መቀነስና በትምህርት ብቻ እንዲታከሙ ከተመደቡት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና የሄዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከባድ ችግርም የደረሰው በቀዶ ሕክምናው ወገን በብዛት ነበር።

ለእኛ ሀገር ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንዳንድ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያሉት የሠለጠኑ የተሃድሶ ባለሙያዎች ከ10 ያነሱ ናቸው። በሀገራችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ሆኖም ከትልልቅ ከተሞች ርቆ የሚኖር የጉልበት ታማሚ ባለሙያውን የሚያገኘው በብዙ ድካም ነው። በዚህ ሁኔታ ለአንድ ትልቅ ሮቦት የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ፣ በላዩ ላይ የመለዋወጫው፣ የጥገናውና መብራት ሲጠፋ የሚባክነው ጊዜ ተደምሮ ለጉልበት ሕመም ቢውል ትክክለኛ ምርጫ ነው ብዬ አላምንም። በዚያ ገንዘብ ባለሙያ ማሠልጠን፣ በጤና ጣቢያዎች በሳምንት ሁለት ቀን የቡድን እንቅስቃሴ ማስጀመር ይቻላል። ቦታውም አዲስ አይደለም፤ ብዙ ጤና ጣቢያ ግቢና ወንበር አለው።

ይህን ስል ሮቦት አይምጣ ማለቴ አይደለም። በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ወጣት ወይም በስትሮክ አንድ ጎኑ የሰነፈበት ሰው እግሩን በራሱ ማንሳት ካልቻለ፣ ሦስት ባለሙያ ተሸክሞ የሚያስኬደውን ማሽን አንዱን ባለሙያ ብቻ አስፈልጎት ሊያስኬደው ይችላል። በትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች የተሃድሶ ክፍል እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢገባ መጀመሪያ የሚገባው ለእነሱ ነው። የጉልበት ታማሚ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከኋላ ነው። ከጉልበት ታማሚዎችም ውስጥ ጡንቻቸው እጅግ ከመድከሙ የተነሣ ከወንበር መነሳት ያቃታቸው፣ ወይም ክብደታቸው ከፍተኛ ሆኖ በራሳቸው መራመድ የሚያማቸው ሰዎች ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መነሻ ሊሆናቸው ይችላል።

ውጭ ካሉ ልጆች የሚላክ መሣሪያን በተመለከተ፣ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት አለ። ዕቃው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ባትሪው ሲያልቅ ከየት ይመጣል? መጠኑን በታማሚው እግር ልክ የሚያስተካክለውስ ማነው? ልኩ ያልተስተካከለ ተለባሽ መሣሪያ አረጋዊን ሊጥል ይችላል፤ በዚያ ዕድሜ መውደቅ ደግሞ ከጉልበት ሕመም የከፋ የዳሌ አጥንት ስብራት ያመጣል። በየሱቁ የሚሸጡት ሙቀትና ንዝረት የሚሰጡ የጉልበት ማሽኖች ደግሞ ሮቦት አይደሉም። ለጥቂት ሰዓት ያስታግሱ ይሆናል፤ እንደ ፍል ውኃ ደስ ይላሉ፤ ጡንቻ ግን አይገነቡም። ልጆች ለወላጅ የሚልኩት ገንዘብ ለጥቂት ወራት የፊዚዮቴራፒ ክትትል ቢውል፣ ወይም ለምቹ ጫማና በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ለሚተከል መያዣ ብረት ቢውል ብዙ ጊዜ የተሻለ ያገለግላል። ከዘራ የሚይዙ ሰዎችም ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዙት፤ ብዙዎች በታመመው በኩል ይዘው ጥቅሙን ያጡታል።

አሁን ሮቦቱ የሚሠራውን ሥራ በቤት ውስጥ እንዴት መሥራት እንደሚቻል እንይ። ጠንካራና የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ ላይ አስደግፈው ያስቀምጡ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው በዝግታ ይነሡ፤ በዝግታ ይቀመጡ። 8 ወይም 10 ጊዜ ሠርተው ያርፉና አንድ ሁለት ዙር ይድገሙ። መነሳት ከከበደዎ ወንበሩ ላይ ጠንካራ ትራስ ይጨምሩና መቀመጫውን ከፍ ያድርጉት። ይህ ትራስ የሚሠራው ውድ የሆነው ሞተር የሚሠራውን ነው፤ ጡንቻው የሚችለውን እንዲሠራ ከጫናው ላይ ጥቂት ይወስዳል። በርትተው ሲገኙ ትራሱን ያንሡ። ጀርባ ላይ ተኝቶ አንዱን እግር እንደተዘረጋ ማንሳትና ለ5 ሰከንድ ያህል ማቆየት፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ግድግዳ ወይም መደገፊያ ይዞ መውጣትና መውረድም ይጨመሩበታል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለስምንት ሳምንታት ይሠራ። በቀሩት ቀናት በሜዳማ ቦታ መራመድ ጥሩ ነው።

ሲሠሩ ጥቂት ማመሙ አይቀርም፤ ብዙዎች የሚያቆሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ሕመሙ ከ5 ካላለፈና በማግሥቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ጉልበት እየተጎዳ አይደለም። በማግሥቱ ከበረታ ወይም ጉልበቱ ካበጠ ቁጥሩን ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አይተዉት። የሮቦቱ ስክሪን የሚያሳየውን መሻሻል በወረቀት ማየት ይቻላል፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደተነሡ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይቁጠርልዎና ይጻፍ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ይደገም። እዚህ ላይ ቤተሰብ ትልቅ ሚና አለው። «እማዬ አትነሺ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» የሚለው ፍቅር የተሞላ ንግግር የእናትን ጡንቻ ቀስ በቀስ እንደሚወስድ ብዙ ልጆች አያስተውሉም።

ክብደታቸው ከመጠን በላይ ለሆነ ሰዎች የምግብ ጉዳይ ከእንቅስቃሴው አይለይም። ጥናት እንዳሳየው ከሰውነት የተቀነሰ እያንዳንዱ 1 ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። በቀን ብዙ ሺህ እርምጃ እንደምንራመድ ሲታሰብ 5 ኪሎ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባል። በየሦስት ወሩ ጉልበት ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ለሚወጉም አንድ ቃል አለ። በ140 ታማሚዎች ላይ ለሁለት ዓመት የተደረገና እ.ኤ.አ በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ እንዲህ ተደጋግሞ የተሰጠው መርፌ በሕመሙ ላይ ከጨው ውኃ የተለየ ውጤት እንዳላመጣ፣ ልም አጥንትንም ይበልጥ እንዳሳሳ አሳይቷል። ሕመሙ ድንገት ሲበረታ አንድ ጊዜ መወጋት ሊጠቅም ይችላል፤ ቋሚ ልማድ ማድረግ ግን ከሐኪም ጋር መመካከርን ይፈልጋል።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ የሚሠራው ሕመሙ በእርግጥ ኦስቲዮአርትራይተስ ከሆነ ነው። ጉልበቱ ድንገት ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ትኩሳት ካለ በመገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ በወጌሻ መታሸትም ሆነ እንቅስቃሴ መሥራት አይገባም። ከወደቁ በኋላ እግሩን መርገጥ ካቃተ፣ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወይም ባት አብጦ ካመመ እንዲሁ ነው። የጠዋት መገተሩ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይና የእጅ ጣቶችንም የሚይዝ ከሆነ ሌላ ዓይነት የመገጣጠሚያ በሽታ መሆኑ ይመረመራል። ለሳምንታት የቆየ የአንድ ጉልበት እብጠት ከክብደት መቀነስና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣ ደግሞ የመገጣጠሚያ ቲቢ በሀገራችን መኖሩን አስታውሶ መመርመር ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ሕክምናው በቲቢ መድኃኒት ነው።